ቀኝ ጌታው ቡፌ ላይ፣ ግራ ጌታው ከሶፋ ጀርባ፦ ስፒከር ስናስቀምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ደብረ ማርቆስ የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። «ልጄ የላከልኝ ስፒከር ተበላሽቷል። ይጮኻል እንጂ ወዝ የለውም። ና እስቲ እየው» አለችኝ። ስደርስ የተበላሸ ነገር አላገኘሁም። አንደኛው ሳጥን ቡፌው አናት ላይ፣ በፕላስቲክ አበባና በምረቃ ፎቶግራፎች መካከል ጉብ ብሏል። ሁለተኛው፣ ገመዱ አልደርስ ብሎት፣ ከትልቁ ሶፋ ጀርባ መሬት ላይ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ ተቀምጧል። ማሲንቆው ከኮርኒሱ ይወርዳል፤ ከበሮው ከሶፋው ሥር ይጎደጉዳል። ዘፋኙ ግን የት እንዳለ አይታወቅም፤ ጓዳ ገብቶ የሚያንጎራጉር ይመስላል።

ያን ቀን ምንም አልገዛንም። ከምሳ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ዕቃ ስንገፋ ዋልን። ማታ ላይ ዘፋኙ ከጓዳ ወጥቶ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ቆመ። አክስቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጥቂት አዳመጠችና «አሁን ገና ሰው ሆነ» አለች። ከዚያ ወዲህ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ በገባሁበት ሳሎን ሁሉ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ስፒከሩ ወዳለበት ነው። የማያቸው ስህተቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ አብዛኞቹም ያለ ምንም ወጪ የሚታረሙ ናቸው።

ማሕሌት የቆመ ወይም ሲቆም ያየ ሰው ስቴሪዮን፣ ማለትም በሁለት ሳጥን ተከፍሎ የሚመጣን ድምፅ፣ ለመረዳት አይቸገርም። መዘምራኑ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ የቀኙ ወገን በቀኝ ጌታ፣ የግራው በግራ ጌታ ይመራል፤ ሁሉን የሚያስተባብር መሪጌታም አለ። በስቴሪዮም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አሉ፤ መሪጌታው ግን የለም። መካከል ላይ ቆሞ የምንሰማው ዘፋኝ በእውነት እዚያ አልቆመም። ሁለቱ ሳጥኖች ድምፁን በእኩል ጉልበትና በእኩል ጊዜ ሲያደርሱልን ጆሯችን ራሱ መካከል ላይ ያቆመዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ለስቴሪዮ የፈጠራ መብት ሲያመለክት የተነሣው ከዚሁ የሁለት ጆሮ ጉዳይ ነበር። ይህ አየር ላይ የቆመ መሪጌታ ታዲያ በጣም ድንጉጥ ነው። አንዱ ወገን ትንሽ ከቀደመ፣ ትንሽ ካየለ ወይም ፊቱን ካዞረ ወዲያው ይሰወራል።

እንደ ጌጥ ከፍ አድርጎ መስቀል

ስፒከር በብዙ ቤት የክብር ዕቃ ነው፤ ስለዚህ የክብር ቦታ ይሰጠዋል። ያም ቦታ የቡፌ አናት ነው። ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት ይህ ነው።

ሳጥኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክቦች አሉ። ትልቁ ጎርናናውን ድምፅ ያወጣል፤ ትዊተር የምትባለው ትንሿ ደግሞ ቀጭኑን። ጎርናና ድምፅ እንደ ኩራዝ ብርሃን ነው፤ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል። ቀጭኑ ግን እንደ እጅ ባትሪ ነው፤ ያነጣጠሩበትን ብቻ ያበራል። ሳጥኑ ሁለት ሜትር ላይ ሲሰቀል ያ ጨረር ከራስዎ በላይ አልፎ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ይመታል። የዋሽንት ነፊው ትንፋሽ፣ የማሲንቆው ጭራ አውታሩን ሲፈትግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ፣ የዘፋኙ «ሰ» እና «ጸ» ሁሉ እርስዎን ዘሎ ያልፋል። ወደ ጆሮዎ የሚመጣው ግድግዳ መትቶ የተመለሰው ትራፊ ነው።

ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ እንደ ሶፋውና እንደ ሰውየው ቁመት ከወለሉ 90 ወይም 100 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ነው። ትንሿ ክብ እዚያ ከፍታ ላይ ትዋል። ለዚህ ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ብሎኬት ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አራት አስተኝተው ሲደራርቡ 80 ይሆናል። ትንሽ ሳጥን ሲያርፍበት ልኩን ይመታል። ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ከሆነ ብሎኬቶቹን በሲሚንቶ ማያያዝ ነው። ከብሎኬቱና ከሳጥኑ መካከል፣ በአራቱ ማዕዘን፣ ከአሮጌ በርባሶ የተቆረጠ ላስቲክ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሳጥኑ እንዳይንሸራተትም እንዳይንቀጠቀጥም ይይዘዋል።

አክስቴ ብሎኬቱን ስታይ «ሳሎኔን ሕንፃ የሚሠራበት አደረግኸው» ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ብሎኬቱንም ሳጥኑንም ከላይ እስከ ታች በዳንቴል አልብሳ ጠበቀችኝ። ዳንቴል ቀዳዳው ብዙ ነውና ድምፅ ብዙም አያግድም፤ ዝም አልኩ። ወፍራም ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ግን ፊቱን ግለጭለት ማለቴ አይቀርም ነበር።

ከቡፌው ሌላ ቦታ በፍጹም ከሌለ ሳጥኑን እስከ ቡፌው ጠርዝ ድረስ ወደ ፊት ያምጡት፤ ከኋላው እንጨት ሸጉጠው ፊቱን ወደ እርስዎ ያዘንብሉት። ሳጥኑን ገልብጦ ማስቀመጥም ነውር የለውም፤ ትዊተሯ ወደ ታች ስትመጣ ለጆሮ ትቀርባለች። ከውስጥ የተደረደሩት ስኒና ብርጭቆዎች በየምቱ መንቃጨላቸው ግን ይቀጥላል።

ጥግ ውስጥ መወሸቅ

ቤት ሲጠብ ሳጥኖቹ ወደ ጥግ ይገፋሉ። የመጀመሪያው ቀን ደስ ይላል፤ «ቤዙ እንዴት ይመታል!» ይባላል። ጎርናናው ድምፅ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ሳጥኑን ዞሮ ወደ ኋላም ይሄዳል። ግድግዳው መልሶ ወደ ክፍሉ ይልከዋል። በስሌት ደረጃ ከሳጥኑ አጠገብ ያለ እያንዳንዱ ገጽ፣ ወለሉም ሆነ ግድግዳው፣ በጎርናናው ድምፅ ላይ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊጨምር ይችላል። ጥግ ላይ ሦስቱም ይደመራሉ።

ይህ ሲሳይ የሚመስል ነገር ችግሩ የሚታወቀው በገና ሲከፈት ነው። በገና አሥር አውታር አለው። ውበቱ ያለው ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ በምትፈጥረው የሚርመሰመስ ንዝረት ላይ ነው። ሳጥኖቹ ጥግ ውስጥ ሲወሸቁ ያ ንዝረት በእብጠቱ ይዋጣል። አሥሩ አውታር አንድ አውታር ይሆናል፤ «ቡም» ብቻ። ጥግ ላይ ያለ ስፒከር የበገና ደርዳሪን ከወፍጮ ቤት ጎረቤት አይለየውም።

ስለዚህ ከኋላ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ፣ ከጎን ግድግዳ ደግሞ ከዚያ ለቀቅ አድርገው ያርቋቸው። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ባይሆኑ ይመረጣል፤ እኩል ሲሆኑ ሁለቱ ግድግዳዎች በአንድ ድምፅ ላይ ይተባበራሉ። ይሁንና በራቀ ቁጥር ይሻላል ማለትም አይደለም። ሳጥኑ ከኋላው ግድግዳ አንድ ሜትር ሲርቅ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ካለው፣ ማለትም በሰከንድ 86 ጊዜ ያህል ከሚርገበገበው፣ ድምፅ ጋር ተጋጭቶ ያጠፋዋል፤ የከበሮው ሆድ ያለው ከዚያ ሩቅ አይደለም። አንድ ዜማ እየደጋገሙ፣ ሳጥኖቹን በስንዝር በስንዝር እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ ነው እንጂ ለሁሉም ቤት የሚሠራ ቁጥር የለም። ሳጥንዎ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ከሆነ ደግሞ በዚያ ይተነፍሳልና ግድግዳ ላይ ወይም መደርደሪያ ውስጥ አይለጥፉት።

ሶፋውን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ

በስፒከሩ ሲደክሙ ውለው እርስዎ ራስዎ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ሳሎኖቻችን የሚዘጋጁት ለእንግዳ ነው። ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ይደረደራል፤ መካከሉ ለቡና ረከቦትና ለጠረጴዛ ይለቀቃል። ለጨዋታ ግሩም ነው። ለሙዚቃ ግን ከሁለት ክፉ ቦታዎች አንዱን ያስመርጣል።

ውኃ የሞላ ሳፋ ተሸክሞ የሄደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ውኃው ሲናጥ በሁለቱ ጠርዝ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መካከሉ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ጎርናና ድምፅም በክፍል ውስጥ እንደዚያ ይናጣል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 43 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ እንደ ሳፋው ውኃ ያንጠዋል። ጀርባዎን ለግድግዳው ሰጥተው ሲቀመጡ ጠርዙ ላይ ነዎትና ያ ድምፅ አብጦ ይመጣል። ልክ መካከል ላይ በርጩማ አድርገው ቢቀመጡ ደግሞ የለም፤ በገናው ሆዱ ባዶ ይሆናል። ክፍሉ አራት በአራት ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ድምፅ ስለሚናጥ ችግሩ ይደራረባል። የተከራዩት ክፍል እንዲህ ካለ፣ ለሙዚቃ ሲባል ካሬ ክፍል የሚመረጥ አለመሆኑን ለሚቀጥለው ኪራይ ይያዙት።

ሶፋውን ከግድግዳው 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ማውጣት ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቦታ ካለ ከኋላው ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት ሲሶ ያህል መራቅ ጥሩ መነሻ ነው። እንግዳ ሲመጣ መልሶ መግፋት ነው፤ እኛ ቤት እንደዚያ እናደርጋለን፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አለን።

በዓይን መለካት

ዓይን ይሸውዳል፤ ሲባጎ አይሸውድም። ከአንዱ ሳጥን እስከ አፍንጫዎ ሲባጎ ይሳቡ፤ ቋጠሮ ያድርጉበት። ከዚያ በዚያው ሲባጎ ሌላውን ይለኩ። አንዱ 34 ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ ድምፁ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል። ይህች ታህል ጊዜ ለጆሮ ትልቅ ናት፤ ዘፋኙን ጎትታ ቀረብ ወዳለው ሳጥን ትወስደዋለች። አክስቴ ቤት ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነበር።

በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለው ርቀት እና ከእያንዳንዱ እስከ እርስዎ ያለው ርቀት እኩል ቢሆን፣ ማለትም ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ቢሠራ፣ ደኅና መነሻ ነው። ሁለት ሜትር ከሁለት ሜትር ለአብዛኛው ሳሎን ይበቃል። በጣም ሲራራቁ መካከሉ ይሸነቆራል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ክራር፣ ሌላው ጫፍ ላይ ከበሮ፣ መሐሉ ባዶ። ሲቀራረቡ ደግሞ ባንዱ አህያ ላይ ሁለት ጭነት እንደማለት ነው፤ ሁሉም ካንድ ቦታ ይመጣል። ከዚያ ሳጥኖቹን ቀስ በቀስ ወደ እርስዎ ያዙሯቸው፤ ፊታቸው ከራስዎ ጀርባ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲገናኝ።

ልኩን መምታትዎን የሚያረጋግጠው ዘፈን አይደለም፤ ሬዲዮ ነው። ዜና ይክፈቱና ዓይንዎን ይጨፍኑ። አንባቢው በሁለቱ ሳጥኖች መካከል፣ ማንም በሌለበት፣ ተቀምጦ ካነበበ ጨርሰዋል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሲባጎውን መልሰው ያውጡት።

ቀይና ጥቁሩን ማምታታት

ዓባይ ማዶ ያለ ሥራ ይመስል ሁሉም የሚንቀው ይህ ነው። አንዱ ሳጥን ላይ ቀዩ ገመድ ከቀዩ፣ ሌላው ላይ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ከተያያዘ፣ አንዱ ክብ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። በአየሩ ውስጥ ተጣልተው ጎርናናውን ድምፅ ያጠፉታል፤ ዜና አንባቢውም መካከል መቀመጡን ትቶ በክፍሉ ሁሉ እንደ ጭስ ይበተናል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ስፒከሩ አርጅቷል ይላሉ።

ማጉያውን (የሁለቱ ሳጥኖች ገመድ የሚገባበትን አምፕሊፋየር) አጥፍተው የአንዱን ሳጥን ገመድ ብቻ ያገላብጡና መልሰው ያዳምጡ። ጎርናናው ከመጣ ቀድሞ ተሳስቶ ነበር። ገመዱ ምልክት ከሌለው ከማጉያው ይንቀሉትና የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ጫፎቹ ላይ ለቅጽበት ብቻ ያስነኩ። ትልቁ ክብ ወደ ውጭ ብቅ ካለ፣ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የነካው ገመድ ቀዩ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሹ ነው።

ባዶ ቤት ውስጥ ጥሩ ድምፅ መጠበቅ

ቢቸና አካባቢ የነበረው የአያቴ ቤት ክብ ነበር። ግድግዳው በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ መደቡ ላይ አጎዛ። እዚያ ቤት በትንሽዬ ሬዲዮ የሰማሁት ማሲንቆ ዛሬ በትልቅ ሳጥን ከምሰማው የሚጣፍጠኝ የልጅነት ትዝታ ብቻ ስለሆነ አይመስለኝም። ወፍራሙ የሣር ክዳን ድምፅ ይጠጣል፤ ጎርበጥባጣው ጭቃ ደግሞ የሚመታውን ድምፅ እየበተነ ይመልሰዋል። ዛሬ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ሆኗል። ሁሉም ድምፅ ይመልሳሉ። ሳሎኑ መሐል ቆመው አንዴ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። «ጥርርር» የሚል ጅራት ከተከተለው፣ ገደል ማሚቶ ቤት አስገብተዋል ማለት ነው። ዘፋኙ የሚናገረው ቃል ከቀደመው ቃል ጋር ይጋጫል። ቅኔ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ኪሳራ ነው፤ ሰሙ ሳይሰማ ወርቁ ከየት ይመጣል?

መድኃኒቱ ክፍሉን ሁሉ በጨርቅ መጠቅለል አይደለም፤ እሱም ራሱ ሌላ ስህተት ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ሞቶ ጎርናናው ብቻ ይቀራል። ድምፁ መጀመሪያ የሚነጥርበትን ቦታ መፈለግ ነው። እርስዎ ቦታዎ ላይ ይቀመጡ። ሌላ ሰው በጎን ግድግዳው ላይ፣ በጆሮዎ ከፍታ፣ የእጅ መስታወት እያንሸራተተ ይሂድ። መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩን ያዩበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ድምፁም ነጥሮ የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚያ ላይ ባና ወይም ዝተት ይስቀሉ፤ ግድግዳው ላይ ባይለጠፍና አራት ጣት ያህል ቢርቅ የበለጠ ይጠጣል። ጋቢ ቀጭን ስለሆነ ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከእርስዎና ከሳጥኖቹ መካከል ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ ከጀርባዎ ካለ ደግሞ የአያቴን ጭቃ ሥራ ይሠራልዎታል።

ሳብውፈሩን በአለበት መተው

ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ ሳብውፈር የሚባለው፣ ጎርናናውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሦስተኛ ሳጥን፣ የግድ ከሁለቱ ሳጥኖች መካከል መቀመጥ አያስፈልገውም፤ ለክፍሉ የሚስማማው ቦታ ግን መፈለግ አለበት። መፈለጊያው ዘዴ ትንሽ ያሳፍራል። ሳብውፈሩን እርስዎ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያስቀምጡት፣ ከበሮ ያለበት ዘፈን ይክፈቱ፣ ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ በአራት እግርዎ እየዳሁ ያዳምጡ። ጎርናናው ሳያብጥም ሳይጎድልም ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ሳብውፈሩን ያኑሩ።

ፍኖተ ሰላም ጓደኛዬ ቤት ይህን ስናደርግ አባቱ ድንገት ገቡ። ጥቂት ቆመው አዩኝና «ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ።

«ቤዝ ነው አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ብርጭቆው እንዳይሰበር ከፍ አድርጉና ፈልጉ» ብለው ወጡ።

በቁልፍ ማከም

ቦታው ተሳስቶ እያለ የቤዝና የትሪብል ቁልፎችን እስከ መጨረሻው ማዞር በርበሬ የበዛበትን ወጥ በጨው እንደ ማስተካከል ነው። ቁልፎቹን መሐል ላይ ያድርጓቸው፤ ሳጥኖቹን ካንቀሳቀሱ በኋላ የጎደለ ካለ ትንሽ ይጨምሩ።

ይህን ሁሉ አድርገው ሐምሌ ሲገባ ግን እንጅባራ ያለ ሰው ይስቅብዎታል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቀኝ ጌታም ግራ ጌታም መሪጌታም አይሰማም፤ ሦስት ማዕዘኑ፣ ሲባጎው፣ ባናው ሁሉ ከንቱ ነው። ድምፁን አሳድገው ከዝናቡ ጋር ቢፎካከሩ ትዊተሯን ያቃጥላሉ፤ እኔ አንድ ክረምት አቃጥያለሁ። አሁን ዝናቡ ሲጀምር ማጉያውን አጥፍቼ ቡና እንዲፈላ እጠይቃለሁ።